አንድ እጅ ለአራት ገጽ

ወሬው የማዶ ነው፤ እኔ አሻጋሪ ብቻ ነኝ። መንገድ ላይ ውሃ ከነካው ይቅርታ፣ ደርቆ ከደረሰ ምስጋናው ለባለቤቱ።

ስሙን የማልጠራው አንድ አገር ነበረ። የማልጠራው ፈርቼ አይደለም። አገሩ አራት ስም ስለነበረው አንዱን ብጠራ ሦስቱ ያኮርፉኛል። አራት ሕዝብ በአራት ቋንቋ ይኖርበታል። ምሥራቆቹ ንጉሡን የወለዱ ናቸው፤ ስለዚህ ቋንቋቸው የቤተ መንግሥት ቋንቋ ነው። ሰሜኖቹ ንብ አርቢዎች፣ ደቡቦቹ ሸማኔዎች ናቸው። ምዕራቦቹ ደግሞ ከታላቁ ወንዝ ባሻገር የሚኖሩ ጨው ነጋዴዎች ሲሆኑ ሌሎቹ «ማዶዎች» ይሏቸዋል። እነዚህ ሕዝቦች እርስ በርስ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አይለዋወጡም። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ግንቡ ነው።

ስለ ግንቡ ሳወራ ድምፄ ቢለወጥ አትፍረዱብኝ። ከወንዙ ዳር ቆሞ አራት ገጹን ለአራቱ ሕዝብ ሰጥቷል። ጠዋት ፀሐይ ከተራራው በፊት እሱን ትነካለች። በየገጹ ላይ የቤት በር የሚያክሉ የድንጋይ ሰሌዳዎች ተሰቅለዋል፤ ፊደላቸው ከወንዙ ማዶ ሆኖ ይነበባል። ከሆዱ ውስጥ ደግሞ አንድ ትልቅ መዘውር አለ። መዘውሩ ሲገፋ የአራቱም ገጽ ሰሌዳዎች አብረው ይዞራሉ፤ የትናንቱ ቃል ወደ ውስጥ ይገባል፣ የዛሬው ቃል ወደ ውጭ ይወጣል።

ድምፁ ከጆሮ ይልቅ ሆድ ውስጥ ይሰማል። ሲዞር ከብት ሣር መንጨቱን ያቆማል፣ አንገት ለአንገት የተናነቁ ሰዎች ይላቀቃሉ። አቧራው ሲረግፍ ንብ አርቢውም፣ ሸማኔውም፣ የንጉሡ ዘበኛም፣ ማዶ ያለው ጨው ነጋዴም፣ እያንዳንዱ በእናቱ ቋንቋ፣ በአንድ ቅጽበት አንድ ነገር ያውቃል። ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች እኩል ያውቃሉ። እስቲ አስቡት። እኔ ይህን ያህል ዕድሜ ቆጥሬ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልሰማሁም፤ ዛሬም ሳወራው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ታዲያ ተአምር ባለበት ሹም አይጠፋም።

ግንቡ ሕጎች ነበሩት። በአራቱም ገጽ ያልተሰቀለ ቃል በአንዱም አይሰቀልም። ጠራቢው ካልደረሰለት በቦታው መዶሻ የተሳለበት ሰሌዳ ይሰቀልና ከሥሩ «ገና እየተጠረበ ነው» ይባላል። በሰሜኑ ገጽ እንዲህ ያለ አንድ ሰሌዳ ከመቆየቱ የተነሳ ወፍ ጎጆ ሠርታበት ነበር። የሰሜን ሽማግሌዎች ከግንቡ ቃል ሁሉ ጥልቁ ይህ ነው ብለው ያምናሉ፤ ሲምሉም «በሚጠረበው» ብለው ይምላሉ።

ሌላው ሕግ የሰሌዳዎቹ መጠን ነው። በእኩልነት የሚያምን አገር ስለሆነ ከአራቱ አንዱ በጣት እንኳ ሊሰፋ አይችልም። የደቡቦቹ ቋንቋ ደግሞ ሳይጠይቅ አይጀምርም፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናቡ ካልጠየቀ ወደ ጉዳዩ መግባት ነውር ነው። በዚህም ምክንያት የደቡቡ ሰሌዳ ሁልጊዜ ሰላምታው ላይ ያልቃል። ግብር ተጨምሯል ተብሎ መዘውሩ በዞረ ጊዜ ደቡቦቹ ቀና ብለው አነበቡና «ደኅና ነን፣ እናንተስ?» ብለው ወደ ሽመናቸው ተመለሱ።

ሥዕል ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም ተባለ። ሥዕል ቋንቋ የለውምና ተርጓሚ አይፈልግም። ስለዚህ ሥዕል የሚጠረበው በቤተ መንግሥት ብቻ ነው፤ ከአንድ መልክ አራት ይወጣና በአንድ ዘንግ ላይ ተያይዞ ለአራቱም ገጽ ይሰቀላል። ዘንጉን ወዲህ ያዞረ አራቱንም ያዞራል።

የመጨረሻው ሕግ በጠራቢዎቹ ላይ የወጣ ነው። ጠራቢ ሰሌዳውን ጠርቦ ከውስጥ ያስረክባል እንጂ ተሰቅሎ አያየውም። ገጹን ማየት ለሕዝቡ የተሰጠ ጸጋ ነው፤ ያየ ጠራቢ እስኪነጻ ድረስ ከግንቡ አይወጣም። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የሚያምር ነገር ሲያዩ ለምን አይባልም ነበር።

የምዕራቡ ገጽ ጠራቢ ዘርፌ ትባላለች። ከማዶ የተወለደች፣ በልጅነቷ የቤተ መንግሥቱን ቋንቋ የተማረች፣ እጇ እንደ መሮ የጠና ሴት ነበረች። ግንብ ውስጥ ስትኖር ዘመዶቿን የምታገኘው በመኸር ገበያ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ታናሽ ወንድሟ ሽባባው «እትዬ፣ የበኩር ልጄን ይዤልሽ እመጣለሁ፤ አንቺን ነው የሚመስለው» ብሎ ልኮባት ነበር። ዘርፌ ከዚያ ወዲህ ስትጠርብ እያንጎራጎረች ሆነ።

ክረምቱ ከበደ። ወንዙ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ ነው። መሻገሪያው ከጥንት ጀምሮ ከግንቡ በታች፣ አሸዋው ላይ ነበር። በዚያ ክረምት ጎርፉ አሸዋውን ጠርጎ ወሰደና ቦታውን ሰው የሚውጥ ባሕር አደረገው። ከግንቡ በላይ ከፍ ብሎ ደግሞ፣ ጥቁሩ ድንጋይ የሚባለው ቦታ ጋ ደለል ተከምሮ፣ ውሃው ከሕፃን ጉልበት የማያልፍበት መሻገሪያ ተፈጠረ። ክፉነቱ፣ ታች ያለው ባሕር ከላይ ሲያዩት የተኛ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ነገሩ ለሕዝቡ እንዲነገር ታዘዘ። ጉዳዩን የያዘው የእኩልነት ሹሙ ገላግሌ ነው። ሹም ገላግሌ ክፉ ሰው አይደለም። ጠዋት ጠዋት በሲባጎ አራቱን ገጽ የሚለካ፣ በሰሌዳዎቹ እኩልነት ከልቡ የሚደሰት ሰው ነው። «ከጥቁሩ ድንጋይ ጋ ተሻገሩ፣ ከታች አትግቡ» የሚለው ቃል በደቡብ ቋንቋ ሰሌዳው ላይ አልገባ ሲለው እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ መላ መጣለት። ቃሉ አጭር ይሁን፤ «መሻገሪያው ተዛውሯል፤ እጁን ተከተሉ» ይባል። ከሥሩ እጅ ይሳል፤ ጣቱን ወደ ቀኝ የዘረጋ ትልቅ የድንጋይ እጅ። ንጉሡ ይህን ሲሰሙ ከዙፋናቸው ተነሥተው አቀፉት ይባላል።

ዘርፌ ድርሻዋን ጠረበች። ቃሉ ትክክል ነበር፤ አራቱም ጠራቢዎች አንዲት ፊደል አላጎደሉም። መዘውሩ ተገፋ፣ ምድሪቱ አቃሰተች፣ አራቱ እጆች በአራቱ ገጽ ላይ ወጡ። የዚያን ቀን ግንቡን ያዩ ሁሉ ከዚያ የበለጠ የሚያምር ነገር ወጥቶበት አያውቅም ብለዋል።

ምሥራቆቹ ግንቡን የሚያዩት ከገበያው በኩል ነው። ከፊታቸው ግንቡ፣ ከግንቡ ወዲያ ወንዙ አለ። ቀኛቸው ወደ ላይ፣ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ነው፤ እጁን ተከትለው በሰላም ተሻገሩ። ደቡቦቹ እጁን ቢከተሉ ቆዳ ፋቂዎቹ ሠፈር ገቡ፤ ሽታው መለሳቸው። ሰሜኖቹ ገደል አፋፍ ላይ ደረሱና «ይህስ ገና እየተጠረበ ነው» ብለው ሌላ ቀን ሊመጡ ወደ ቀፏቸው ሄዱ።

ማዶዎቹ ግን ግንቡን የሚያዩት ከወንዙ ባሻገር ቆመው ነው። የእነሱ ቀኝ የምሥራቆቹ ግራ ነው። የድንጋይ እጁም ለእነሱ የሚያሳየው ወደ ታች ነበር። እዚያ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚያውቀውን የጥንት መሻገሪያ ነው፤ ስለዚህ እንደ ደቡቦቹ የሚመልሰው ሽታ፣ እንደ ሰሜኖቹ የሚያስቆመው ገደል አልነበረውም። «ተዛውሯል የተባለው በስንዝር ይሆናል» ብሎ ይገባል።

የመጀመሪያው የገባ ጫኔ የሚባል ሽማግሌ ጨው ነጋዴ ነው። ሁለት በቅሎዎቹን ከነጨዋቸው ውሃው ወሰዳቸው፤ እሱን ግን በግንቡ በኩል ዳር ላይ ተፋው፤ እየዳኸ ግንቡ ሥር ደረሰ። ዘርፌ የራሷን ቋንቋ ሰምታ በግንቡ ጓዳ መውጫ በኩል ወጣች። ሽማግሌው እየተንቀጠቀጠ መሬቱን ይስም ነበር።

«ጋሼ ጫኔ፣ ምን ሆነው ነው?» አለችው።

«ምንም፤ ግንቡ እንዳዘዘኝ ሄድኩ።»

«በየት በኩል?»

«እጁ ባሳየኝ። ታች፣ የድሮው ጋ።»

«እጁማ ወደ ላይ ነው የሚያሳየው።»

«አይ ልጄ፣ ዓይኔ ደኅና ነው፤ እጁም አልተሳሳተም። እግሬ ነው የረከሰው። ባለፈው ዓመት ከሰው ማሳ ላይ በቅሎዎቼን አግጬ ነበር፤ ዋጋዬን ነው የሰጠኝ።»

የዚያ አገር ሰው ግንቡን እንዲህ ነበር የሚያምነው። በቅሎዎቹ ሲሰምጡ ኃጢአቱን ፈለገ እንጂ ቀና ብሎ ሁለተኛ አላየም። እኔ በዚህ አልስቅም። ያን ግንብ ያየ ሰው አይስቅም።

ዘርፌ አልተዋጠላትም። ደረቅ ልብስ አለበሰችውና ራሷ እየመራች በጥቁሩ ድንጋይ አሻገረችው። ከዚያ ጠራቢ ከሆነች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝቧ በሚቆምበት ቆማ ዞር አለችና ገጿን አየችው።

ይህን ሁሉ ዘመን በመሮ የቆፈረቻቸው ፊደላት ውሃው ላይ ብርሃናቸውን ጥለው ቆመዋል። የእናቷ ቋንቋ ከተራራ ይበልጥ ነበር። እንባዋ ወረደ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ መውጣቱን ሳላውቅ ልሞት ነበር አለች። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ነው እጁን ያየችው። ጣቱን ወደ ታች፣ ወደተኛው ባሕር ዘርግቷል።

«ጋሼ ጫኔ፣» አለችው፣ «እባክዎ እዚህ ይሁኑና ለመጣው ሁሉ መሻገሪያው በላይ በኩል ነው ይበሉ። የገበያው ቀን ደርሷል፤ ሕዝቡ ሁሉ ሊወርድ ነው።»

ሽማግሌው እንደ ልጅ ፈራ። «በግንቡ ላይ ቃል አውጣ ነው የምትይኝ? ሌላ ጠይቂኝ ልጄ፣ ይህን አልችልም።»

ዘርፌ በመጣችበት ተመልሳ እየሮጠች ሹም ገላግሌ ዘንድ ቀረበች። ሲባጎውን እየጠቀለለ ነበር።

«ጌታዬ፣ እጁ ማዶዎቹን ወደ ባሕሩ እየላካቸው ነው።»

«የማይሆን ነገር። እጁ አንድ ነው። አራቱንም ራሴ ለክቻቸዋለሁ።»

አጠገባቸው የቆመ ባዶ ሰሌዳ ነበር። «እርስዎ ከዚህ በኩል ይቁሙ፣» አለችው፤ «እኔ ከወዲያ በኩል እቆማለሁ። ፊታችንን ወደ ሰሌዳው እናድርግ። አሁን ቀኝ እጅዎን ይዘርጉ።»

ዘረጋ። እሷም ዘረጋች። የእሱ እጅ ወደ መስኮቱ፣ የእሷ እጅ ወደ በሩ አመለከተ። ሹሙ አንገቱን አስግጎ በሰሌዳው ጠርዝ በኩል አያት። እጁን አወረደና እንደገና አነሣው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ቀኝ ግን ቀኝ ነው፣» አለ ቀስ ብሎ።

«ቀኝ ነው ጌታዬ። ወንዙ ነው ያልዞረልን።»

ሹም ገላግሌ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ገብቶታል፤ ግን በዚያ አገር መግባትና መወሰን ለየቅል ናቸው። «ዘንጉ አንድ ነው፣» አለ። «ያንቺን እጅ ባዞር የአራቱም ይዞራል። ያንቺን ሳቃና የንጉሡን አጣምማለሁ። ያንቺን ብቻ ነጥዬ ላውርድ ብል ደግሞ በአራቱ ያልተሰቀለ በአንዱ አይሰቀልም። ለሸንጎው አቀርበዋለሁ።»

«ሸንጎው መቼ ይቀመጣል?»

«ከመኸር ገበያው በኋላ።»

«ወንድሜ ልጁን ታቅፎ በገበያው ቀን ነው የሚመጣው።»

ሹሙ ሲባጎውን አሻሸ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና ዓይኑ ፈጠጠ። «ቆይ፣ ወደ የት እንደሚያሳይ በምን አወቅሽ? ገጽሽን አይተሻል?»

ዘርፌ መዋሸት አላወቀችበትም። በዚያው ቀን እስክትነጻ ከግንቡ እንዳትወጣ ተፈረደባት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ድንጋይ ሲሆን ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል።

ግንቡ ውስጥ ስትታገት የተዘጋባት መውጫው እንጂ መዘውሩ አልነበረም። የሥዕሉ ዘንግ እጇ ሥር ነው። አንድ ጊዜ ብትገፋው እጁ ይገለበጥና ሽባባውን ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ይልከዋል። ዘንጉን ጨበጠችው። ከዚያ በምሥራቁ ገጽ ሥር እንስራ የምትሸጠው ሴትዮ ትዝ አለቻት፤ ቋንቋ ባይገናኙም ሁልጊዜ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል እጇን እያውለበለበች ሰላም ትላታለች። ሴትዮዋም ልጅ አዝላ ወንዝ ትሻገራለች። ዘርፌ ዘንጉን ለቀቀችው። መልቀቁ ደረቷን እንዳመማት ኋላ ለወንድሟ ነግራዋለች።

የገበያው ቀን ነጋ። ከማዶ ያለው ሕዝብ በሙሉ፣ በቅሎውን ጭኖ፣ ልጁን አዝሎ፣ ወንዙ ዳር ወረደ። እንደ ልማዱ ቆመና ገጹን አነበበ። ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ። ከዚያ ጉዞውን ወደ ታች ጀመረ። ሽባባው ፊት ፊት ነበር፤ ሕፃኑ ከደረቱ ላይ ነው።

ሰሌዳ በሚሰቀልበት ቀዳዳ በኩል ዘርፌ ሾልካ ወጣች። በገጹ ላይ፣ የድንጋዩ እጅ ካለበት ጠርዝ ላይ ቆመች፤ ከሥሯ ወንዙ ይጮሃል። ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ፊቷን ወደ ሕዝቧ አዞረችና ቀኝ እጇን ወደ ላይ፣ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ዘረጋችው። የድንጋዩ እጅ ወደ ታች ያሳያል፤ የሥጋው እጅ ወደ ላይ።

ሕዝቡ ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ድምጿ አይሰማም፤ ወንዙ ይውጠዋል። አንዳንዱ ዓይኑን ሸፈነ። «ይህች ሴት ግንቡን እየረገጠች ነው» አለ አንዱ። «አትዩዋት፤ ያበደች ናት» አለ ሌላው። ሽባባው እህቱን ለየ፤ ልቡ ወዲያና ወዲህ አለበት። ግንቡ ግን በአያቱም በአባቱም ዘመን ዋሽቶ አያውቅም። እህት ትሳሳታለች። ሁለት እርምጃ ወደ ታች ሄደ፣ ቆመ፣ እንደገና ሄደ። ውሃው ጫማውን ነካው።

ጫኔ ከሕዝቡ ኋላ፣ በቅሎ የሌለው ሰው ሆኖ ቆሞ ነበር። ዘርፌን አየ። ሕፃኑን አየ። ከዚያ ሰውን በክርኑ እየገፋ ወደ ፊት መጣና ከሽባባው ፊት ውሃው አፋፍ ላይ ተጋረጠ።

«እኔ በዚህ ገብቻለሁ፣» አለ። «ሁለት በቅሎዎቼ እዚህ ውስጥ ናቸው።»

«ሰምተናል ጋሼ፣» አለው ሽባባው። «እግሬ ረክሶ ነው ብለው የነገሩን እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ ግንቡን አየ። እንደሚመስለኝ በዚያ አገር ከዚያ በፊት ያን የሚያህል ከባድ ነገር የተናገረ ሰው የለም።

«እግሬ አልረከሰም፣» አለ።

ሌላ አልጨመረም። ሕዝቡ ግን የሰማው ያንኑ ብቻ አልነበረም። እግሩ ካልረከሰ ምን ማለት እንደሆነ እያንዳንዱ በሆዱ አወቀው። ማንም ሳያዝ ፊታቸውን አዞሩና ዓይናቸውን ከሥጋው እጅ ሳይነቅሉ ወደ ላይ ሄዱ። የመጨረሻው ሰው ጥቁሩን ድንጋይ እስኪያልፍ ዘርፌ ክንዷን አላጠፈችም። ሽባባው ሕፃኑን ግንቡ ሥር ይዞ ሲቆም ወርዳ ልታቅፈው ሞከረች፤ ክንዷ አልታጠፍ አላት። የሕፃኑ እናት ልጇን በተዘረጋው ክንድ ላይ አስተኛችላት።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የሹሞች አገር ነው።

ሸንጎው ተቀመጠ። ዘርፌ ጥፋተኛ ነች እንዳይባል ሕዝብ አድናለች፣ ልክ ነች እንዳይባል ግንቡን ረግጣለች። ሹም ገላግሌ ተነሥቶ ሁሉንም የሚያስታርቅ አሳብ አመጣ። የድንጋዩ እጅ ይውረድ፤ በምትኩ በየገጹ አንድ ሕያው እጅ ይሾም፤ የምዕራቡ ዘርፌ ትሁን። አራቱም አንድ ዓይነት ካባ ይልበሱ፣ ቁመታቸውም እኩል ይሁን። ለሕዝብ ጀርባ መስጠት ነውር ስለሆነ ልክ እንደ ዘርፌ ጀርባቸውን ለግንቡ፣ ፊታቸውን ለሕዝቡ ይስጡ። ዘርፌ ያዳነችው ቀኝ እጇን አንሥታ ነውና፣ ከበሮ ሲመታ አራቱም ቀኛቸውን ያንሡ። ሸንጎው በአንድ ድምፅ አጸደቀ። ዘርፌ «ጌታዬ፣ ያ ባዶ ሰሌዳ ትዝ ይልዎታል?» አለችው። «ጸድቋል» አላት፣ ዓይኑን ሰብሮ።

ሕያዋን እጆች የሚቆሙበት የመጀመሪያ ቀን በዓል ሆነ። ማዶዎቹ በደኅና ስለተረፉ ንጉሡ ስጦታ ላኩላቸው፤ የሚያደርሰውም ሹም ገላግሌ ነው። ለቀኑ የሚሆን አዲስ ቃል ለአራቱም ገጽ ተጠርቦ መዘውሩ ተገፋ፣ ያ ከሆድ የሚሰማ ድምፅ ምድሩን አናወጠው። ከዚያ ከበሮው ተመታ። አራት ሰዎች በአራት ገጽ ላይ ቀኝ እጃቸውን አነሡ። ውበቱን ልነግራችሁ አልችልም፤ ፈረሶች እንኳ ጆሮአቸውን ቀጥ አደረጉ። ሰሜኖቹ ተራቸው ደረሰና ቆዳ ፋቂዎቹ ሠፈር ገቡ። ደቡቦቹም ገደሉን አዩት።

ዘርፌ ቀኟን አንሥታ በገጿ ላይ ቆማለች። እጇ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ያሳያል፤ ሕዝቧ ደኅና ነው፤ ሽባባው ማዶ ሆኖ ሕፃኑን ከፍ አድርጎ ያሳያታል። እዚያው ቆማ መዋል ትችል ነበር። ነገር ግን ከግንቡ ጀርባ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማች፤ ኮቴው ወደ ታች ይሄዳል። ምሥራቆቹ ናቸው። ባለፈው በላይ በኩል እንደተሻገሩ ያውቃሉ፤ ግን እጁ ታች ካለ ግንቡ ያወቀው አለ ብለው ነው። ከፊታቸው ሹም ገላግሌ አለ። እሱማ ከማንም ይበልጥ ያውቅ ነበር።

ዘርፌ እጇን አወረደች። ከገጿ ወርዳ፣ ከዚያ በፊት አንድም ጠራቢ እንዳላደረገው፣ ግንቡን ዞረች። በሌሎች ጠራቢዎች ገጽ ሥር ስታልፍ ቀና አላለችም፤ ጊዜ አልነበራትም። እንስራ ሻጯ ከሰልፉ መካከል ሆና ልጇን አዝላለች። ዘርፌ በካባዋ እየተደናቀፈች ሰልፉን ቀደመችና ውሃው አፋፍ ላይ ደረሰች። ሹሙ አንድ እግሩን አስገብቶ ነበር። ውሃው የተኛ፣ የሚያባብል ነበር።

«ጌታዬ፣» አለችው ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «ከሰሌዳው ወዲያ ይቁሙ።»

ገላግሌ ቆመ። ውሃውን አየው። ከዚያ ቀኝ እጁን አነሣና ጣቱን አየ፤ ወዴት እንደሚያሳይ በዓይኑ ተከተለው። እጁን እንዳነሣ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ቀስ ብሎ፣ በቆመበት ዞረ። እንደገና ጣቱን አየ። አሁን ወደ ሌላ በኩል ነው። ከኋላው ያለው ሕዝብ ይህ አዲስ ሥርዓት መስሎት ቀኝ እጁን አነሣና በጸጥታ፣ በፍርሃት፣ በክብር፣ አብሮት ዞረ። ዞረው ሲያበቁ ፊታቸው ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ነበር። በዚያው ሄዱ።

እስከ ዛሬ በዚያ አገር ወንዝ የሚሻገር ሰው ቀኝ እጁን አንሥቶ አንድ ጊዜ ይዞራል። ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ግን ሲዞሩ ያያሉ።

ስጦታው ማዶ ደረሰ። ሹም ገላግሌ ያን ሁሉ ዘመን ሲለካው የኖረውን የምዕራቡን ገጽ ከማዶ ሆኖ አይቶት አያውቅም። አብራው የተሻገረችው ዘርፌ፣ ጫኔና ሽባባው አጠገቡ ቆሙ። ሹሙ ዞር አለና ቀና ብሎ አየው። ሲባጎው ከእጁ ወደቀ፤ አላነሣውም።

«ይህን የሚያህል ነበር እንዴ?» አለ። ከዚያ ቆቡን አወለቀ። «ዘርፌ፣ ከሌሎቹ እኩል መሆኑን አውቃለሁ። የሚለውን ግን ጠይቄ አላውቅም። ምን ይላል?»

«እንኳን በደኅና ተሻገራችሁ ይላል ጌታዬ።»

እኔም እስከዚህ ነው የማሻግረው። የቀረውን በእግራችሁ።